የርቀቱን ዋጋ የሚከፍለው ማን ነው?

ኒውዚላንድ የሚለው ስም ቤታችን የገባው በእኔ በኩል ነው። አብራኝ ትሠራ የነበረች ነርስ ሰነዷን አሟልታ፣ ፈተናዋን አልፋ ሄደች። ሥራ ከጀመረች በኋላ በቴሌግራም የላከችልኝ የድምፅ መልእክት ስለ ደመወዝ አልነበረም። «ተረኛ የሆንኩባቸውን ሕሙማን ሁሉ በስማቸው አውቃቸዋለሁ፤ ማን ምን እንደሚፈራ ሳይቀር አውቃለሁ» ነበር ያለችኝ። ሌላ ሙያ ያለው ሰው ይህን ቢሰማ ምንም ላይመስለው ይችላል። እኔ ግን መልእክቱን ደጋግሜ አዳመጥኩት።

ከዚያ ወዲህ ልጃችን ከተኛ በኋላ እኔና ባለቤቴ የምናወራው ዞሮ ዞሮ እዚያው ላይ ይወድቃል። እንሂድ ወይስ እንቅር? ምን እናገኛለን፣ ምን እናጣለን? ሐዋሳ ውስጥ ይህን ጥያቄ ይዘው የሚያድሩ ቤቶች ጥቂት እንዳልሆኑ ስለማውቅ፣ እስካሁን የደረስንበትን እንዳለ ልጽፈው ወሰንኩ።

ለዚህ ከተማ መሄድ አዲስ ነገር አይደለም። ከአዲስ አበባ የሚመጣው መንገድ እኛን አልፎ፣ በዲላና በያቤሎ አድርጎ ሞያሌ ይደርሳል። ከሐዲያ፣ ከከምባታና ከሌሎችም አካባቢዎች የተነሡ ወጣቶች በኬንያ፣ በታንዛንያ፣ በማላዊና በሞዛምቢክ አቋርጠው ደቡብ አፍሪካ ለመግባት ሲነጉዱ ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በማርች 2020 ሞዛምቢክ ውስጥ ቴቴ በተባለው ግዛት፣ አንድ የጭነት መኪና ላይ በነበረ ኮንቴይነር ውስጥ 64 ኢትዮጵያውያን ታፍነው ሞተው ተገኙ። ያ ዜና ሲሰማ በየሰፈሩ ልጁ መንገድ ላይ የነበረ ቤተሰብ ሁሉ ስልክ ይዞ ነበር የተቀመጠው። የእኔ ጥያቄ ከነሱ ጋር ሲነጻጸር የታደለ ሰው ጥያቄ መሆኑን አውቃለሁ። ዲግሪ አለኝ፤ ብሄድም ቪዛ ይዤ፣ በአውሮፕላን ነው። ምርጫ ያለው ሰው ግን ምርጫውን እስከ ሥሩ የመመርመር ግዴታ አለበት ብዬ አምናለሁ።

የሚገፋኝን ልናገር። ሌሊት ተረኛ ስሆን ክፍሉ ሞልቶ፣ አልጋ ያልደረሰው መሬት ላይ ፍራሽ ተነጥፎለት፣ እኛ ነርሶቹ ሁለት ሆነን የምናድርበት ጊዜ ብዙ ነው። የታዘዘው መድኃኒት ከሌለ ቤተሰቡ ማዘዣውን ይዞ በባጃጅ ከተማውን ይዞራል። ጓንት ሳይቀር ገዝታችሁ ኑ ብዬ አውቃለሁ። ከሁሉም የሚከብደኝ ገንዘብ የሌለው አባት ማዘዣ ወረቀቷን እንደያዘ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ የሚያየኝ አስተያየት ነው። አይቆጣም፣ አይለምንም፤ ዝም ብሎ ያያል። ሥራው ቢበዛብኝ እችለዋለሁ። ምን ማድረግ እንዳለብኝ እያወቅሁ ሳላደርገው የማድረው ነገር ግን ቤት ድረስ ይከተለኛል።

ገንዘቡም አለ፤ አለ ከማለት ማለፍ አልፈልግም፤ ሁሉም ሰው ያውቀዋል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ ስድስት ወር ሳይሞላው ከ120 ብር አለፈ። በግንቦት 2017 የጤና ባለሙያዎች በየሆስፒታሉ ሥራ እስከማቆም የደረሱት ኑሮው ከደመወዙ ጋር ጨርሶ ስለተለያየ ነው። ከመስከረም 2018 ጀምሮ ጭማሪ መጥቷል፤ አመስግነን ተቀብለናል፤ የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያና የቤት ኪራይ ግን እሱን ሳይጠብቁ ቀድመው ሄደዋል።

እዚያ ማዶስ? ስለ ኒውዚላንድ ማንበብ ስጀምር የገረመኝ አገሩ ስለ ሰው ያሰባቸው ነገሮች ናቸው። ሕዝቡ 5 ሚሊዮን አልፎ ትንሽ ፈቅ ያለ ነው። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2025 ዝቅተኛው የሥራ ክፍያ በሰዓት 23.50 የኒውዚላንድ ዶላር ነበር፤ ወለል የሚባል ነገር አለ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ በአደጋ የተጎዳ ሰው ሁሉ፣ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ሳይጠየቅ፣ ሕክምናው የሚሸፈንበት አሠራር አላቸው፤ ለጎብኚ እንኳ ይሠራል። የመኖሪያ ፈቃድ ያገኘ ሰው አገሩ ውስጥ አንድ ዓመት ከኖረ ዜግነት ሳይወስድ በብሔራዊ ምርጫ ድምፅ ይሰጣል። ሴቶች በአገር አቀፍ ምርጫ ድምፅ የመስጠት መብት ያገኙባት የመጀመሪያዋ አገርም እሷ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1893። ኮሪደሩ ላይ የቆመውን አባት እያሰብኩ ሳነብ የአደጋው ሽፋን ላይ ስደርስ ገጹን ዘግቼ ወጥቼ ነበር። እንዲህም ይቻላል ለካ አልኩ።

ነርስነት ደግሞ እዚያ እጅግ ይፈለጋሉ ከተባሉት ሙያዎች ዝርዝር ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 2022 ጀምሮ የተመዘገበ ነርስ ቀጣሪ ካገኘ በቀጥታ የመኖሪያ ፈቃድ መጠየቅ ይችላል። ይህቺን አንዲት ዓረፍተ ነገር ይዘው ነው ደላሎች በየካፌው የሚዞሩት። «ኒውዚላንድ ነርስ ትፈልጋለች፤ አንቺ ብቻ ብሩን አምጪ።» ይህን አምኖ የቤተሰብ ቦታ የሸጠ ሰው አውቃለሁ፤ ቪዛው አልመጣም፤ ቦታውም አልተመለሰም።

እውነተኛው መንገድ ይህ ነው። የአገሪቱ የነርሶች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 2023 ጀምሮ ከውጭ ለሚመጡ ነርሶች አዲስ አሠራር ዘርግቷል። መጀመሪያ የትምህርትና የሙያ ፈቃድ ሰነድ አሜሪካ ባለ አጣሪ ድርጅት በኩል ይጣራል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይያዛል፤ ኦሪጅናል ዲግሪ ለማውጣት የኮስት ሼሪንግ ዕዳ መከፈል አለበት፤ ትራንስክሪፕቱን ዩኒቨርሲቲው ራሱ እንዲልክ መመላለስ አለ፤ ክፍያው በዶላር ስለሆነ ውጭ አገር ካርድ ያለው ዘመድ መለመን አለ። ቀጥሎ የእንግሊዝኛ ፈተና ይመጣል፤ በአይኤልትስ ከሆነ በማንበብ፣ በማዳመጥና በመናገር 7፣ በመጻፍ 6.5። ከዚያ በኮምፒውተር የሚሰጥ የንድፈ ሐሳብ ፈተና አለ። የመጨረሻው የተግባር ፈተና ደግሞ ክራይስትቸርች ከተማ በአካል ተገኝቶ የሚወሰድ ነው። ሥራ ሳይኖር፣ እንደሚገኝም ዋስትና ሳይኖር፣ ትኬትና ማረፊያ ከኪስ ከፍሎ ማለት ነው።

ቢታለፍስ? እ.ኤ.አ. በ2022 እና በ2023 ወደዚያ የገቡ የውጭ ነርሶች ብዙ ነበሩ። በ2024 ግን የመንግሥቱ የጤና አገልግሎት በበጀት ጫና ምክንያት ቅጥሩን አጠበበ፤ ፈተናቸውን አልፈው ሥራ ያጡ ነርሶች ተበራከቱ። የዚያው አገር ተወላጅ ነርሶች በበኩላቸው የተሻለ ክፍያ ፍለጋ ወደ አውስትራሊያ ይሻገራሉ። ሰው የሚመጣበት አገርም ሰው ጥሎት የሚሄድ አገር ነው። ይህን ሳውቅ ነገሩ ከሕልም ወርዶ ሥራ ሆኖ ታየኝ፤ እንደ ማንኛውም ሥራ ሊሳካም ላይሳካም የሚችል። ለዚህ ብዬ የእናቴን ቤት በዋስትና አላስይዝም፤ ብድርም አልገባም። የምንሄድ ከሆነ በራሳችን አቅም በቆጠብነው ነው። እሱ ካልሞላ አንሄድም።

እስካሁን ያልኩት በወረቀት የሚሰላ ነው። ያስጨነቀኝ ሌላው ነው።

አባዬ ያረፈው ማታ ነው። ለቀብሩ የታሰበው በማግሥቱ ከሰዓት ነበር። ዱባይ በሰው ቤት የምትሠራው ታላቅ እህቴ ሌሊቱን ትኬት ቆርጣ፣ በጠዋት አዲስ አበባ ገብታ፣ አስከሬኑ ከቤት ሳይወጣ ደረሰች። የእድሩ ድንኳን ሥር ስትገባ የሰማሁትን ጩኸት እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ፤ ግን ደረሰች። አፈር ሲለብስ አየች፤ እማዬን ይዛ አለቀሰች፤ ሠልስቱን ከኛ ጋር ተቀመጠች። የእህቴ ሥራ ከእኔ የከበደ ነው፤ ክፍያዋም ቢሆን የምትመካበት አይደለም። የአራት ሰዓት በረራ ግን ልጅነቷን አልነጠቃትም።

አሁን እኔን ኒውዚላንድ፣ ኦክላንድ ከተማ አስቀምጡኝ። ከአዲስ አበባ ከ14 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ቀጥታ በረራ የለም። ከዱባይ ብቻ እስከዚያ 16 ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ከደጅ እስከ ደጅ ሲታሰብ ከአንድ ቀን በላይ ነው፤ ያውም ትኬቱ በዚያው ሰዓት ከተገኘ። አሜሪካ ያሉት እንኳ ከዋሽንግተን በአንድ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ አዲስ አበባ ይገባሉ፤ ለነሱ ሲባል አስከሬን አንድ ሁለት ቀን ማቆየትም እየተለመደ መጥቷል። የሰዓቱ ልዩነት ደግሞ እንደየወቅቱ 9 ወይም 10 ሰዓት ነው። ሐዋሳ ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲሆን እዚያ የማግሥቱ ንጋት 11 ወይም 12 ሰዓት ነው።

ከቀብሩ በላይ ያስፈራኝ መርዶው ነው። እዚህ ለሰው ሞት ሲነገረው በወጉ ነው። ሽማግሌና የቅርብ ጓደኛ ተሰብስበው፣ ማልደው ሄደው፣ ሰውየው እንዳይወድቅ ግራና ቀኝ ይዘው ያረዱታል። ዋሽንግተን ወይም ለንደን ያለ ሰውም ቢሆን ወገን ተጠራርቶ በሩን ያንኳኳል። ኒውዚላንድ ውስጥ ኢትዮጵያውያን አሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በስደተኝነት የገቡ ቤተሰቦች በኦክላንድና በዌሊንግተን ይኖራሉ። ነርስ ግን የሚቀጠረው ሥራ ባለበት ነው፤ ገጠር ከተማ ሊሆን ይችላል፤ የአገር ሰው አንድም የሌለበት። እዚያ የእናቴን መርዶ ከፌስቡክ ነው የማነበው። ወይም ወንድሜ ሳይዘጋጅ፣ እያለቀሰ ይደውልልኛል። ከዚያ ጠዋት ነውና ልጄን ትምህርት ቤት አድርሼ ሥራ እገባለሁ።

ሩቅ አገር መሄድ ማለት ይህን ዛሬ መስማማት ነው። ደመወዙ ጥሩ ነው ወይ፣ ትምህርት ቤቱ ጥሩ ነው ወይ የሚለው ክርክር መልሱ ብዙም አያጠራጥርም፤ ጥሩ ነው። እኔን የሚያስጨንቀኝ ርቀቱ ዋጋ ያለው መሆኑና ያንን ዋጋ የሚከፍለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ውሳኔው ላይ አለመቀመጡ ነው። እኔ ደመወዝ አገኛለሁ፣ ልጄ ትምህርት ያገኛል፣ እናቴ ደግሞ ትከፍላለች። ደም ግፊትና ስኳር ያለባት ሴት ናት። ሐኪም ቤት የምወስዳት እኔ ነኝ፤ መድኃኒቷን የማስተካክለው እኔ ነኝ። ባለቤቴ «ገንዘብ እንልክላታለን» ሲል ልክ ነው፤ ብሩም ከዛሬው ደመወዛችን ይበልጣል። ብሩ ግን ጠዋት ስኳሯን አይለካም።

ስለዚህ ጠየቅኳት። አቦል ፈልቶ፣ እጣኑ እየጨሰ ነበር። ሰምታ ስትጨርስ ሲኒውን አስቀምጣ «እኔስ እናቴን ሶዶ ትቼ አይደል የመጣሁት» አለችኝ። «ያን ጊዜ ሶዶና ሐዋሳ ሩቅ ነበር ልጄ። ስልክ አልነበረ። እናቴ የሞተች ጊዜ የነገሩኝ ከተቀበረች በኋላ ነው። ሂጂ።»

ይህን ታሪክ በሙሉ ከዚያ ቀን በፊት አልነገረችኝም። ግን «ሂጂ» ማለቷ መልስ ሊሆነኝ አልቻለም። እናት ከዚህ ሌላ ምን ትላለች? ልጇን ቁሚ ብላ የምታስቀር እናት ብትኖር ጥቂት ናት። ስለዚህ ፈቃዷን እንደ ውሳኔ አልቆጥረውም፤ ኃላፊነቱ የኛ ነው።

ታሪኳ ግን ሌላ ነገር አሳሰበኝ። እኔ ራሴ ከሌላ ቦታ የመጣች እናት ልጅ ነኝ። ሐዋሳን ያሳደጓት ከየአቅጣጫው የመጡ ሰዎች ናቸው፤ እኛ ልጆቻቸው በሲዳማ ምድር ላይ ተወልደን፣ በፍቼ ጨምበላላ ጉዱማሌ ወርደን በዓሉን አይተን፣ በገብርኤል ታቦቱን ሸኝተን፣ በአሞራ ገደል ዓሣችንን በልተን አድገናል። አንድ ሰው መጥቶ በሌላው ምድር በክብር መኖር እንደሚችል ከሕይወቴ አውቃለሁ። ባለ ምድሩን ማወቅና ማክበር ግን የመጪው ድርሻ ነው። ስለዚህ ስለ ማኦሪዎች ማንበብ ጀመርኩ።

የኒውዚላንድ ነባር ሕዝቦች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1840 ከእንግሊዝ ዘውድ ጋር የዋይታንጊን ስምምነት ፈርመው፣ ከዚያ በኋላ ብዙ መሬታቸውን ያጡ፤ ከ1975 ጀምሮ አቤቱታቸው በልዩ ጉባኤ የሚሰማላቸው። ሰው ሲሞትባቸው ምን እንደሚያደርጉ ሳነብ ቆም አልኩ። ታንጊሃንጋ ይሉታል። ሟቹን ወደ ማኅበረሰቡ መሰብሰቢያ ያመጡታል፤ ዘመድ ሁሉ ከያለበት ይመጣል፤ አስከሬኑን አንድ ጊዜ እንኳ ብቻውን አይተዉትም፤ ያለቅሳሉ፣ ያወራሉ፣ ያወድሱታል፣ ለመጣው ሁሉ ምግብ ያቀርባሉ፤ ብዙውን ጊዜ ሦስት ቀን ነው። በዚያ ዓለም ጫፍ ላይ ለቅሶ የሚያውቅ ሕዝብ አለ! ሰው በምድር ላይ ይህን ያህል ተራርቆ እንዲህ ሊመሳሰል መቻሉ ደስ አለኝ። እናቴን ይመልስልኛል ማለቴ አይደለም። አንድ ቀን የሥራ ባልደረባዬን «እናቴ አርፋለች፤ ልቀመጥ እፈልጋለሁ» ብላት የምትረዳኝ ሴት ልትኖር እንደምትችል ግን አወቅኩ።

ከነሱ ሌላም ተማርኩ። ቋንቋቸው ሊጠፋ ተቃርቦ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1982 መዋዕለ ሕፃናት ከፍተው፣ አሮጊቶቹና ሽማግሌዎቹ ሕፃናቱን በራሳቸው ቋንቋ ብቻ እያናገሩ ማሳደግ ጀመሩ፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ማኦሪኛ የመንግሥት ቋንቋ ሆነ። ይህን ለባለቤቴ ሳነብለት ሁለታችንም የተያየነው ለምን እንደሆነ ወላጅ የሆነ ይገባዋል። ቋንቋ የሚያስተላልፉት አያቶች ናቸው፤ እኛ ደግሞ ልጃችንን ከአያቱ ልንለየው ነው። ገና አራት ዓመቱ ነው። ተረት የሚሰማው ከእማዬ ነው፤ «ተረት ተረት» ስትል «የላም በረት» የሚላት በሙሉ አፉ ነው። እኔና አባቱ ተረኛ ሆነን፣ ደክመን ገብተን ይህን እንተካዋለን ብዬ ራሴን አላታልልም። ብዙ ቤት ውስጥ የሆነውን እናውቃለን፤ አያት በቪዲዮ ትጠይቃለች፣ ልጅ በእንግሊዝኛ ይመልሳል፣ እናት መሐል ሆና ትተረጉማለች።

ስለ ስንቅም ልናገር፤ ትንሽ ነገር ይመስላል እንጂ ትንሽ አይደለም። ኒውዚላንድ ኑሮዋ በእርሻና በከብት ላይ የቆመ የደሴቶች አገር ስለሆነች የእንስሳትና የዕፅዋት በሽታ እንዳይገባባት ድንበሯን በጥብቅ ትጠብቃለች። ማር አይገባም። የኛን አገር የመሰለ የከብት በሽታ ካለበት ቦታ የተነጠረ ቅቤ አይገባም። የያዘውን ምግብ ሳያሳውቅ የተገኘ መንገደኛ 400 የኒውዚላንድ ዶላር ወዲያው ይቀጣል። ሕጋቸው ትክክል ነው፤ አገራቸውን ነው የሚጠብቁት። ለእማዬ ግን ልጇን መውደድ ማለት በከፊል ቅቤ አንጥራ፣ ኮረሪማና በሶብላ ጨምራ፣ በጣሳ አሽጋ መላክ ነው። ለእህቴ ዱባይ ትልካለች። ለእኔ ምን ትልካለች? አንዲት እናት ለልጇ የምታደርገው ነገር ሲቀንስ እሷም የቀነሰች ይመስላታል፤ ይህን በእማዬ ላይ ማየት አልፈልግም።

የባለቤቴ ነገር ደግሞ አለ። ሲቪል መሐንዲስ ነው። የምህንድስና ትምህርትን በጋራ ለመቀበል የተፈራረሙት አገሮች ያሉበት የዋሽንግተን ስምምነት ውስጥ ኢትዮጵያ የለችበትም፤ ስለዚህ ዲግሪው ለብቻው ተገምግሞ ምን ያህል እንደሚቆጠርለት አይታወቅም። «መኪና እነዳለሁ፣ መጋዘን እሠራለሁ፤ ምን ችግር አለው» ይለኛል። ሥራ ክቡር ነው፤ እሱ ላይ ክርክር የለኝም። ግን ሳይት ላይ ሲቆም አይቼዋለሁ፤ የኮለን (የኮንክሪት ምሰሶ) ቅርጽ ማውጫ ሲፈታ እንዴት እንደሚያይ፣ የሠራው ፎቅ አጠገብ ስናልፍ ለልጃችን እንዴት እንደሚያሳየው አውቃለሁ። እኔ በሙያዬ ከፍ ስል እሱ ከሙያው ቢወጣ ትዳራችን ላይ ምን እንደሚያመጣ በስንት ቤት አይተናል። ፍቅር አለን ብሎ ይህን ማለፍ አይበቃም።

አደጋውንም አይቻለሁ፤ ረጅም ነገር የለኝም። ክራይስትቸርች በፌብሩወሪ 2011 በመሬት መንቀጥቀጥ 185 ሰው አጥታለች። በማርች 2019 ደግሞ እዚያው ከተማ ሁለት መስጊዶች ላይ በተከፈተ ተኩስ 51 ሰው ተገድሏል፤ ብዙዎቹ መጤዎች ነበሩ። የትም አገር ክፉ ሰው አለ። እኛም ስምጥ ሸለቆ ላይ ነው የምንኖረው፤ እኛም ጋ ሰው በማንነቱ ሞቷል። ይህ ሚዛኑን አላናወጠብኝም። ዜግነት መውሰድን በሚመለከት ግን ሐሳቤ ቁርጥ ነው። በ1996 ዓ.ም. በወጣው የዜግነት አዋጅ መሠረት የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ኢትዮጵያዊነቱን ያጣል፤ ለትውልደ ኢትዮጵያውያን የሚሰጠው ቢጫ ካርድ ብዙ መብት ይመልሳል፤ የመምረጥን መብት ግን አይመልስም። ለመኖር የመኖሪያ ፈቃድ ስለሚበቃ ፓስፖርቴን አልለውጥም።

ብዙ ሰው «ሞክሩት፤ ካልሆነ ትመለሳላችሁ» ይለናል። በቅንነት ነው የሚሉት፤ ግን አልስማማም። ቤቱን በትኖ፣ ቁጠባውን ጨርሶ፣ በሰፈር ተመርቆ የሄደ ሰው መመለሻው ከመሄጃው ይከብዳል። ኀፍረቱ ብቻውን ብዙ ሰው አስቀርቷል። መመለስ የሚቻለው ከመሄድ በፊት ከታሰበበት ነው፤ የሙያ ፈቃድን እዚህም ማሳደስ፣ ዕቃ ሁሉ አለመሸጥ፣ የመመለሻ ገንዘብ ሳይነኩ ማስቀመጥ።

በቅርቡ አንድ እሑድ ሁላችንንም አንድ ላይ አስቀመጥኩ፤ እማዬን፣ ታናሽ ወንድሜን፣ ባለቤቴን፤ እህቴ ከዱባይ በቪዲዮ ገባች። «እንሂድ ወይ?» ብዬ አልጠየቅሁም። ማን ምን ይሸከማል ብዬ ነው የጠየቅሁት። ወንድሜ እማዬን ሐኪም ቤት የማመላለሱን ነገር ወሰደ፤ ግን ከባለቤቱ ጋር ሳይነጋገር ቃሉን እንዳልቆጥርበት ነገረኝ፤ ልክ ነው፤ ሸክሙ ከፊሉ እሷ ላይ ነው የሚያርፈው። እህቴ የእድሩንና የመድኃኒቱን ወጪ ከእኔ ጋር እኩል ልትካፈል ተስማማች። ባለቤቴ «እማማ፣ እርስዎስ ምን ይፈልጋሉ?» ሲላት እማዬ ሦስት ነገር አለች። ቤቷ እንዳይሸጥ። ልጁ አማርኛ እንዳይረሳ። ሦስተኛውን ለእኔ ዞራ ተናገረች፤ «ስሞት ለመድረስ ብለሽ አትሩጪ። ለቀብሬ የምታወጪውን ትኬት በሕይወት ሳለሁ አውጪው፤ መጥተሽ አብረሽኝ ቡና ጠጪ።»

ወንድሜ ተነሥቶ ወጣ። እኔ ግን መጻፊያ ደብተሬን ከፍቼ ጻፍኩት፤ ምክንያቱም ሊፈጸም የሚችል ነገር ነው። በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ፣ ሦስታችንም፣ ቢያንስ ለአንድ ወር። ከደመወዝ በየወሩ ለዚህ ብቻ የሚቀመጥ ገንዘብ፤ ለቤትም ለመኪናም የማይነካ። ወላጅን አምጥቶ ማኖሩ እዚያ ቀላል አይደለም፤ የገቢ መለኪያው ከፍ ያለ ነው፣ ቦታውም በዕጣ ነው። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2025 መጨረሻ ላይ የጀመሩት ለወላጆች አምስት ዓመት የሚያገለግል የጉብኝት ቪዛ አለ፤ እሱም የጤና መድን ይጠይቃል። ስኳርና ደም ግፊት ላለባት ሴት ያ መድን እንዴት እንደሚሆን ሳላጣራ ተስፋ አልሰጣትም፤ እሷም አልጠየቀችኝም።

የእኔ ዝንባሌ አሁን ወደ መሄድ ነው። ከዚያ እሑድ በፊት እንዲህ ማለት አልችልም ነበር። ዋጋውን የሚከፍሉት ሰዎች ስንት እንደሆነ አውቀው፣ የራሳቸውን ቃል አስገብተው ተነጋግረዋል፤ እኔም የምከፍለውን አውቄያለሁ። የቀረው የባለቤቴ ነው። የዲግሪው ግምገማ እንዲጀመር ሰነዱን አስገብተናል። እሱ በሙያው የሚገባበት በር፣ በተጨማሪ ትምህርትም ቢሆን፣ ከታየ የአይኤልትስ ፈተናዬን አዲስ አበባ ሄጄ እወስዳለሁ። ካልታየ ደግሞ እዚሁ እንቀራለን፤ ተነጋግረን ጨርሰናል።